በዲንቄ አፍ

የባሌን ድምፅ ከእኔ ቀድማ የምትሰማው ዲንቄ ነበረች።

መርጋ አርሲ ነገሌ የእህል መኪና ይነዳል። ዓርብ ዓርብ ይደውልልኛል። በዋዜማው የጥሪ ወረቀት ይደርሰኝና በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ በከተማችን በዓለም ጤና ወዳለው ስልክ ቤት ሄጄ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ስልክ አገናኟ ዲንቄ ናዝሬት ተምራ የመጣች ናት፤ ጥፍሯን ቀይ ትቀባለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ «ሃሎ፣ ነገሌ» ትላለች፤ ከዚያ ፈገግ ትላለች። ያቺን ፈገግታ እጠላታለሁ። ምን ብሏት ነው?

መስመሩ ደካማ ነው። ድምፅ ሲጠፋ ዲንቄ መሀል ገብታ የአንዱን ቃል ለሌላው ትደግማለች። ለነጋዴውም፣ መርዶ ለሚነገረውም እንደዚሁ ነው። የእኔ ግን ሌላ ሆኖ ይሰማኛል።

«ናፍቀሽኛል ይላል።»

«እኔም በይው።»

«እኔም ናፍቀኸኛል ትላለች» አለችው ለስለስ አድርጋ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ብዬው አላውቅም።

ወረፋ የሚጠብቁት ጋሽ ገመዳ ሳቁ። «አንቺ ዘርፉ፣ መርጋ ሁለት ሚስት አግብቷላ! አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲንቄም ሳቀች።

በሚቀጥለው ዓርብ ያለ ዲንቄ ላነጋግረው ቆርጬ ሄድኩ። የስልኩ እጀታ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ጩኸት ነበር። ከመርጋ ንግግር የደረሰኝ «እሁድ» የሚለው ብቻ ነው።

«ልድገምልሽ?» አለች ዲንቄ።

«ሰምቻለሁ።»

«ዘርፍዬ፣ በደንብ ካልተሰማሽ...»

«ጆሮ አለኝ! ሰምቻለሁ አልኩሽ።»

መርጋን ድገምልኝ ብለው የምትደግምልኝ እሷ ናት። ስለዚህ «እሺ፣ እሺ መርጋ!» ብዬ ጮኽኩ። ምን እንዳለኝ ሳላውቅ እሺ አልኩት፤ የቀረውን በሚመጣው ዓርብ እጠይቀዋለሁ ብዬ። ስወጣ ኩራት ኩራት አለኝ። ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ አነጋገርኩት።

እሁድ ጠዋት ጓሮ ሆኜ ሽንኩርት ስጎነጉን ከባድ መኪኖች በአስፋልቱ ተከታትለው መጡ፤ ጥቂት ቆመው ሄዱ። አንዱ ክላክሱን ይዞ አልለቅ አለ። «ምን ያለው ባለጌ ነው!» አልኩና ጉንጉኔን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ የጥሪ ወረቀት አልመጣም። ዓርብ ዝም ብዬ ሄድኩ። ዲንቄ ብቻዋን ነበረች፤ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች።

«እንዴት ሸኘሽው?»

«ማንን?»

ፊቷ ተለወጠ። «ኬላው ጋ አልሄድሽም እንዴ? ሰምቻለሁ ስትዪኝ እኮ...»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ነበር ያለው?» አልኳት። «እሱ እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ።»

ዲንቄ ማዳመጫውን አውልቃ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፤

«ዘርፉ፣ መኪኖቻችን እህል ጭነው ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ታዘዋል። መቼ እንደምንመለስ አልነገሩንም። እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ በከተማችን እናልፋለን፤ ኬላው ላይ ሩብ ሰዓት ያቆሙናል። ቢጫ ሻርፕሽን አድርጊ፣ ከሩቅ እንድለይሽ። ካላየሁሽ ክላክስ አደርጋለሁ።»

አንድም ቃል አልጠፋባትም። የባሌን ቃል ሳምንት ሙሉ ይዛልኝ የቆየችው እሷ ናት። አሁንም ቀናሁባት።

«ድገሚልኝ» አልኳት።