ከሻሽ የሳሳ ቃል

ሐሙስ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በከተማው ግንብ በር፣ ሸዋ በር፣ ደንበኛ በምጠብቅበት ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ ለሙሜ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ሙሜ የድሬ ጠያራ ገበሬ ነው። አህያው ያለ ቦታዋ ቆማ ተገኘች ተብላ ተይዛበት እንድትለቀቅለት ነው የሚያመለክተው። «ከነስድስት ልጆቼ በረሃብ አለንጋ ተገርፌ ማለቄ ስለሆነ በእንባ እማጸናለሁ» ብዬ ጨረስኩለት። ሳነብለት ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ፣ እኔው ለራሴ አዘንኩ» አለ።

ያኔ ነው ፈቲያ የመጣችው። ፈቲያ የልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና መኪና ግርግር ላይ ከእህቴ ከልደት ጎን የምትሰፋ ጓደኛዋ ናት። ማሽኗን ጥላ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

«አቦ ጋሽ ደረጀ፣ ጃንጥላህን እጠፍ። የልብ ሐኪሞች ከውጭ ሊመጡ ነው። ሚያዝያ ላይ። የሆስፒታሏ ሲስተር በለጡ ናት የነገረችኝ። በእንግሊዝኛ፣ ጥያቄዎቻቸውን የሚመልስ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት። ከደብዳቤው አይተው ዐሥራ አንድ ሰው ይመርጣሉ።»

የልደት የልብ ቫልቭ ጠቦ ነበር። ጥር ላይ ሐኪሙ ለብቻዬ አስገብቶ «ካልተከፈተላት ክረምቱን አትሻገርም» ብሎኛል። ለፈቲያ ነገርኳት። ለልደት አልነገርኳትም። በእኛ ቤት ለታመመ ሰው በሽታው አይነገርም። አባታችን አቶ ወልደ ጊዮርጊስም ጨጓራ ነው እየተባሉ ነው ያረፉት።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ልባሱ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው፣ ከ«ኤ» የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉትም። ሁለት ቃል አንድ ትርጉም ተሰጥቷቸው ሳገኝ ያናድደኝ ነበር። አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ሆኑ? እያልኩ ልዩነታቸውን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ልደት ከልጅነቷ ጀምሮ አብራኝ ትቀመጣለች። እኔ ልዩነቱን አስረዳለሁ፣ እሷ በጨርቅ ዓይነት ትመድበዋለች። ስፌት ከገባች በኋላ ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ እያመጣች ከቃሉ ጎን በመርፌ ቁልፍ ትሰካለች።

«አሎን» እና «ሎንሊ» ላይ ስንደርስ፣ «አሎን ማለት ፈቲያ ስትቀር ነው። ሎንሊ ማለት ፈቲያ ጎኔ ተቀምጣ ስታኮርፈኝ ነው» አለች። ለመጀመሪያው ካኪ ሰካች፣ ለሁለተኛው ገበር። ፈቲያ «ስሊም» እና «ስኪኒ» ሁለቱም ቀጭን መሆናቸውን ሰምታ፣ «በል ጻፍ፣ እኔ ስሊም ነኝ፣ እሷ ስኪኒ» ያለችውም በዚያው ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ልደት እየሳቀች ሐኪም ጋራን ትወጣ ነበር።

የዚያን ሐሙስ ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። እግሯ አብጦ በአባታችን ጫማ ነው የምትሄደው።

«ደብዳቤውን እዚሁ ጻፈው» አለችኝ። «እያንዳንዱን እያነበብክልኝ። በእኔ ስም የሚሄድ ነገር ሳልሰማው አይሄድም።»

ጻፍኩ። ስሟ፣ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት፣ ሥራዋ። እስከዚያ ቀላል ነበር። «ታማሚዋ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናት?» ከሚለው ጥያቄ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። መጻፍ የነበረብኝን ቃል አውቀዋለሁ። «ዳይንግ» ነው፣ እየሞተች ነው። እንዲህ ስጽፈው ፊደሎቹ አሁንም ያቃጥሉኛል። ግን ይሄ ቃል ደብተራችን ውስጥ አለ። ልደት ታውቀዋለች። ከጻፍኩት ላነብላት ነው፤ ካነበብኩላት ደግሞ የነገርኳት እኔ ነኝ።

«ምን ልበል?» አልኳት።

«የቱ የቱ አለ?»

«ለ‹ታመመች› ሲክ አለ፣ ኢል አለ፣ አንዌል አለ።»

«አንዌል ሻሽ ነበር፣ አይደል? ከሁሉም የሳሳው።»

«አዎ።»

«እሱን አድርገው።»

አንዌል ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጉልበቷ ስጽፍ ደግሞ «ኤግዞስትድ» ብዬ ጀምሬ ነበር። «እሱማ ያለቀለት ጨርቅ ነው ጋሼ፣ መርፌ የማይዝ» አለችኝ። «ታየርድ በል። የደከመው ሰው ሲያርፍ ይነሣል።» ሰረዝኩት። ታየርድ አልኩ። ትንፋሿ እያጠራት እየሰማሁ፣ ከሦስት ትራስ በላይ ፊቷን እያየሁ፣ አንዱን ቃል ከአንዱ እያሳነስኩ ገጹን ሞላሁት። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው ደስ ብሎኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንጹሕ እንግሊዝኛ ጽፌ አላውቅም። ፈረንጆቹ ለማኝ ሳይሆን የተማረ ሰው ጻፈው ይላሉ ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ለሲስተር በለጡ ሰጥቼ ስመለስ፣ መኪና ግርግር ፈቲያ ማሽኗን አቁማ ጠበቀችኝ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

በአማርኛ አስረዳኋት። ጥቂት ደክሟታል፣ ጤንነት አይሰማትም፣ ብትታይ መልካም ነው።

ፈቲያ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠች። «ለሙሜ አህያ አልቅሰህ ለእህትህ ታፍራለህ?» አለች።

እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ።

«ሂድ ጻፍ። እሷ የለችም እዚህ። ማንንም አትፍራ። ሐኪሙ ያለህን ጻፍ።»

የእሷው ማሽን ላይ፣ የተቆረጠ ቀሚስ ወደ ጎን ገፍቼ ጻፍኩ። ዳይንግ አልኩ። ኤግዞስትድ አልኩ። ክረምቱን አትሻገርም፣ አድኑልኝ አልኩ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ቃላቱ ከጥር ጀምሮ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ግን ወረቀቱን ሳላነበው አጥፌ ስነሣ ፊርማዬን ረስቼ ነበር፣ ከመንገድ ተመልሼ ፈረምኩ። የዓርብ ሶላት ሰዓት ደርሶ ሰው ወደ መስጊድ ይጎርፋል። የተሳፈርኩበት ባጃጅ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ። ሆስፒታሉ ስገባ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

«ሄዷል» አለች ሲስተር በለጡ። «ሁሉንም ልክ በስድስት ሰዓት ላክሁት።»

«ይሄኛውን ጨምሪልኝ። የመጀመሪያው ልክ አይደለም።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ደብዳቤ አይቀበሉም፣ ወንድሜ።»

«ልክ አይደለም እኮ ነው የምልሽ።»

«ምኑ ነው ልክ ያልሆነው? አነበብኩት። ውሸት አለበት?»

ውሸት አልነበረበትም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፣ ትንሽ ትንሽ እውነት። ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አዝና ሁለተኛውን ተቀበለችኝና እሞክራለሁ አለች። ሞክራለች፤ «ዝርዝሩ ተዘግቷል» የሚል መልስ መጥቶላት አሳየችኝ። ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ።

የሐኪሞቹ መልስ የመጣው ሰኞ መጋቢት 9 ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ስለገቡ፣ ፈቲያም እኔም ጾመኞች ነበርን። ልደት አስነበበችኝ። ታማሚዋ የተረጋጋች መሆኗን በማወቃችን ደስ ብሎናል ይላል። በዚህ ዙር ስላላካተትናት እናዝናለን፣ በሚቀጥለው ዓመት እናያታለን።

«እናዝናለን ያለው በየትኛው ነው?» አለች ልደት። «በሶሪ ነው በሪግሬት?»

«በሪግሬት።»

«ሶሪ ከሰው ይወጣል፣ ሪግሬት ከቢሮ ይወጣል ብለኸኝ ነበር።»

ፈቲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የሐኪሙን ቃል፣ ሁለተኛውን ደብዳቤ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሳልጨርስ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«አውቃለሁ ጋሼ። ከጥምቀት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሻሹን ለምን መረጥሽ?»

«እዚያ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶህ ቆመ። እንዳትፈራ ብዬ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን አልከፈትንም። ትንፋሽ ሲያጥራት ምን እንደሚባል አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላልኩም። ትራሱን አራት አደረግነው፣ በኋላ አምስት።

ልደት ወልደ ጊዮርጊስ ዓርብ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አረፈች። ሐኪሞቹ ሚያዝያ 21 መጡ። ከተመረጡት ዐሥራ አንድ ሰዎች አንዱ ስለቀረ፣ ዐሥር ሰው አክመው ተመለሱ።