ባለ ሦስት አገሩ ጸጉር አስተካካይ

ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ካዳራሹ አንዱ ጥግ «ይሄማ የኛ ልጅ ነው!» የሚል አይጠፋም። ከሌላው ጥግ ደግሞ «ኧረ ተው፣ የኛ ነው እንጂ!» የሚል ይነሳል። ፊቱ ለሁሉም ይሆናል። የቲያትር ቤት ባልደረቦቹም «የኛ ልጅ» እያሉ ዋናውን ስሙን አስረሱት። የየት አገር ሰው እንደሆነ ሲጠይቁት «የናንተው ነኝ» ይላል፤ ምን ቸገረው፣ እስከተጨበጨበለት ድረስ!

አንድ ቀን ግን ነገሩ ቁም ነገር ሆነ። አዘጋጇ ስለ አንድ ታንኳ ቀዛፊ የተጻፈ ቲያትር ይዛ መጣች። ቲያትሩ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ሐይቁ ዳር፣ በሐይቁ ሰዎች ፊት ነው።

«ቀዛፊውን የሚጫወተው ትውልዱ ከሐይቁ የሆነ ልጅ ነው፤ ያገሬው ሰው እንዲስቅብኝ አልፈልግም» አለች።

የኛ ልጅ ልቡ ዘለለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወይ ሻንጣ ተሸክሞ ይገባል፣ ወይ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቆማል፤ ዋና ሰው ሆኖ አያውቅም።

«የእናቴ አባት የሐይቁ ሰው ናቸው!» አለ።

«ጎሽ! ከየትኛው መንደር እንደሆኑ ጠይቀህ ነገ ንገረኝ።»

እየበረረ ቤቱ ገባ። እናቱ ከወንድሟና ከእህቷ ጋር ተቀምጣ ትጫወታለች።

«እማዬ፣ አባባ ከሐይቁ የትኛው መንደር ነው የተወለዱት?»

«መንደሩን እንኳ አላውቅም፤ ሐይቅ ዳር መሆኑን ግን ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች እናቱ።

አጎቱ ከት ብሎ ሳቀ። «የምን ሐይቅ? አባባ የተራራ ሰው ናቸው! እኔም በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ሁለታችሁም ለይቶላችኋል» አለች አክስቱ። «አባባ በረሃ ነው የተወለዱት። የግመል ነገር ሲያወሩ አልሰማችሁም?»

ሦስቱ እዚያው ተያያዙ። የአንድ አባት ልጆች፣ ጸጉራቸው ሸብቶ፣ አባታቸው የት እንደተወለዱ አይስማሙም! ልጁ ግራ ገባው። ግን ደግሞ የምን ነገር ነው ይሄ የሚል ጥያቄ ውስጡን ይበላው ጀመር።

በማግስቱ ማለዳ ወደ አያቱ ጸጉር ቤት ሄዶ፣ ወረፋ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አባባ አንድ ሾፌር ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ነጭ ጨርቅ አለበሱት።

«አገርህ ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ከተራራው ነኝ፣ አባባ።»

«ወይ ጉድ! የኔም እኮ እዚያው ነው!»

ልጁ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሾፌሩ ሲነሳ አንድ ዓሣ ነጋዴ ተቀመጠ፤ እሱም ከሐይቁ ነኝ አለ። «በል እንጂ! ያገሬ ልጅ ነሃ!» አሉ አባባ፣ የጸጉር መቁረጫቸውን እያራገፉ።

የእናቱ፣ የአጎቱና የአክስቱ ነገር ያኔ ተገለጠለት። በልጅነታቸው ጸጉር ቤቱን በየተራ ይጠርጉ ነበር። የእናቱ ተራ የዓሣ መኪኖች የሚገቡበት ቀን ነው፤ የአጎቱ ተራ የተራራ ሰዎች ለገበያ የሚወርዱበት፤ የአክስቱ ደግሞ ከበረሃ የሚመጡት የጨው ነጋዴዎች ቀን። እያንዳንዳቸው የየቀናቸውን ሰምተው አደጉ።

ጸጉር ቤቱ ባዶ እስኪሆን ጠበቀና ቆሽቱ እያረረ ተነሳ። «አባባ፣ ሁላችንንም ሲዋሹን ኖሩ ማለት ነው?»

ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰሩለት።

«አውቶቡስ ተራ ነው የተገኘሁት» አሉ፣ ማበጠሪያውን እያነሱ። «ገና በቅጡ አፌን አልፈታሁም ነበር። አንድ ጸጉር አስተካካይ ወስዶ አሳደገኝ። ከየትኛው አውቶቡስ እንደወረድኩ ያየ ሰው የለም።»

«ታዲያ አላውቅም አይሉም?»

«ድሮማ እል ነበር። አላውቅም ስለው ሰው ያዝንልኛል፣ አንገቱን ይደፋል። ያገርህ ሰው ነኝ ስለው ግን ቀና ብሎ በመስታወቱ ያየኛል።» ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ከልጁ ጉንጭ አጠገብ አደረጉ። መስታወቱ ለምን እንዲህ ዝቅ ብሎ እንደተሰቀለ ልጁ ሁሌ ይገርመው ነበር። ለካ ሁለት ፊት ጎን ለጎን እንዲያሳይ ነው! «አንድ ቀን አንዱ ቁርጥ እገሌን ይመስላሉ ይለኛል ብዬ ነው» አሉ አባባ።

«ያለ አለ?»

«እስካሁን የለም። ጸጉራቸውን ግን አሳምሬ ቆርጬላቸዋለሁ።»

ልጁ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ።

አዘጋጇ ፊት ሲቀርብ አንድ መንደር ፈጥሮ መጥራት ይችል ነበር። ማን ያጣራል? አፉ ግን እምቢ አለው። «አላውቅም። አያቴም አያውቁም» አለ። አዘጋጇ አዘነችለት፣ ቃሏን ግን አላጠፈችም፤ ቀዛፊነቱ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። የኛ ልጅ ሆድ ባሰው፣ ምን ይደበቃል። ለሱ የተረፈችው ታንኳው ላይ ተሳፍሮ አንዲት ቃል የሚናገረው መንገደኛ ሚና ነች። እሺ አለ፤ ግን ወደ ሐይቁ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ለአያቱ አንድ ቦታ ይሰጠኝ ብሎ ለመነ።

ሐይቁ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ ተጫወቱ። ቲያትሩ ሲያልቅ አንዲት ዓሣ ሻጭ አሮጊት ሰዉን እየገፉ መጡ።

«አንተ! የኛ ልጅ አይደለህም እንዴ? የማን ልጅ ነህ?»

«የናንተው ነኝ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር። ዋጣት።

«አላውቅም፣ እማማ። ማንን መሰልኩዎት?»

አሮጊቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አተኩረው ያዩት ጀመር። «ቆይ እስቲ…» አሉ።

አባባ ከዛፉ ጥላ ስር ወጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ሽበታቸውን በጣታቸው አበጠሩና፣ ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ከልጁ ጉንጭ አጠገብ አደረጉ።

«ቀስ ብለው ይዩን» አሉ፤ «አልቸኮልንም።»