ዶን ኡባልዶ ኢንተርኔት ላይ ሲጮኹ

በትንሿ ከተማችን በላ ሴይባ ሁለት የጥሩምባ ባንዶች አደባባይ ላይ ከተገናኙ አንዱ እጁን እስኪሰጥ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነፋሉ። ሕዝቡ የሚከተለው ድምፁ የበለጠውን ነው። ስለዚህም የባንዳችን አለቃ ዶን ኡባልዶ በጩኸት የማይሸነፍ ነገር የለም ብለው ያምናሉ። ልባቸው ንጹሕ ነው፤ ጆሯቸው ግን ከደከመ ቆይቷል።

ዘንድሮ የቅዱስ ሮኬ በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ ዶኛ ኖሪስ ሆነች። ከትልቅ ከተማ የመጣች ሴት ናት፤ «ባንዱን ስልኬ ላይ ፈልጌ እመርጣለሁ» አለች። ዶን ኡባልዶ በዚህ በዓል ላይ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ነፍተዋል። «ዘንድሮ ካመለጠኝ ጥሩምባዬን እሰቅላለሁ» ብለው ማሉ። ከባንዱ ኮምፒውተር የምነካው እኔ ትሮምቦን ነፊዋ ያዲራ ብቻ ነኝና ድረ ገጽ ሥሪ ተባልኩ።

«ርዕሱ በትልልቁ የላቲን ፊደል ይሁን» አሉኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም! እነዚያ ተፎካካሪዎቻችን እነካሊክስቶ የባንዳቸውን ስም በትንንሹ ጽፈው እያንሾካሾኩ ነው። እኛ እንጩህባቸው!»

«ዶን ኡባልዶ፣ የኢንተርኔቱ ፍለጋ እኮ ጆሮ የለውም። በትልቁም ይጻፉት በትንሹ፣ ለእሱ ያው ነው።»

«ጆሮ ከሌለው ታዲያ በምኑ ይሰማል? አንቺ ልጅ ደግሞ!»

ስልኬን ሰጠኋቸው። አንዴ በትልልቁ፣ አንዴ በትንንሹ ጽፈው ፈለጉ፤ የመጣው አንድ ነው፣ ካሊክስቶ ብቻ። ከዚያ ስልኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው «ባንድ!» ብለው ጮኹ። አሁንም ያው።

«ስልክሽ ደንቆሮ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ቅደም ተከተሉንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። እኛ ጋ ሟች ይቀድማል፤ አስከሬን ሲያልፍ መኪናም ዘፈንም ይቆማል። ስለዚህ ርዕሱ «የዶን ኡባልዶ ባንድ ለቀብር፣ ለሠርግና ለበዓል» ሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ ፊደል። ትልቅ ፊደል ደግሞ ቦታ ይበላል። በፍለጋው ውጤት ላይ የርዕሱ መስመር ሞላና የተረፈው ተቆረጠ፤ በሰው ስልክ ላይ የሚታየው «የዶን ኡባልዶ ባንድ ለቀብር» የሚለው ብቻ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ስልካችን ጮኸ፤ ደዋዩ ሁሉ ሐዘንተኛ። ዶን ኡባልዶ ግን «አየሽ? ተሰማን!» እያሉ ፈነደቁ፣ ዶኛ ኖሪስ በዓሉን ለካሊክስቶ እስክትሰጥ ድረስ። ሄጄ ለምን ብላት «በበዓል ቀን የቀብር ባንድ ላምጣ?» ብላ ሳቀችብኝ። ንድድ አልኩ። ርዕሱን ያን ጊዜውኑ ባስተካክለውም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ዶን ኡባልዶ እንደማሉት ጥሩምባቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉ።

በበዓሉ ዋዜማ ልብስ ሰፊው ታቦርዳ ሞተ። ሚስቱ ዱልሲና መጥታ ለመነች፤ ለሟች እምቢ አይባልምና ጥሩምባው ወረደ።

ቀብሩ በማግስቱ፣ በበዓሉ ዕለት ሆነ፤ ወደ መቃብር የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአደባባዩ መሃል ነው። እነካሊክስቶ ጉንጫቸው እስኪቀላ ይነፋሉ፣ ሕዝቡ ይጨፍራል። እኔ ጦርነት ጠብቄ ትሮምቦኔን አዘጋጀሁ። ዶን ኡባልዶ ካሊክስቶን አዩት፣ ሣጥኑን አዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው ያለሁት እንኳ በጭንቅ እስክሰማቸው ድረስ ዝቅ አድርገው ነፉ። እነካሊክስቶ አስከሬኑን ሲያዩ መንፋታቸውን አቁመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በአደባባዩ ላይ የቀረችው ያቺ ቀጭን ዜማ ብቻ ናት። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ሕዝቡ ተከተለን። ጨፋሪው፣ የካሳቫ ጥብስ ሻጮች ከነድስታቸው፣ እንደ በሬ የለበሰው ሰውዬ ከነቀንዱ፣ ካሊክስቶም ከነባንዱ።

«ይሄ ሁሉ ሰው የት ነበረ? ባሌ ዘንድ ሱሪ እንኳ አላሰፋም እኮ!» አለች ዱልሲና።

መቃብሩ በር ላይ ዶኛ ኖሪስ የዓይኗ ኩል ጉንጯ ላይ ወርዶ ቀረበች። «ዶን ኡባልዶ… ለበዓልም ትነፋላችሁ እንዴ?»

ዶን ኡባልዶ ከታቦርዳ ጎን ሊቀብሩኝ የፈለጉ በሚመስል ዓይን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። መልስ የሰጠችው ዱልሲና ናት።

«ባሌ እኮ ያገኘኝ ጭፈራ ላይ ነው፣ እሳቸው ሲነፉ! ምን ትጠብቃላችሁ? ንፉ እንጂ!»

ዶን ኡባልዶ ጥሩምባቸውን አነሱና እንደሚያውቁት አድርገው ነፉ። ካሊክስቶ ራሱ ጆሮውን ይዞ ጨፈረ።