ከስኮርታው ጉድጓድ የወጣው ቅቤ

ሰላሁዲን መኪናዋን የገዛ ሰሞን ለሚስቱ ለራሂማ መጀመሪያ ያሳያት የኋላውን ምንጣፍ ገልጦ ከሥሩ ያለውን ቦታ ነበር። በሌላ መኪና ስኮርታ ጎማ የሚቀመጥበት ክብ ጉድጓድ ባዶ ነው። ይህች በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ስኮርታ የላትም። በምትኩ የተሰጣት ነጭ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስና ትንሽ መንፊያ ነው፤ ጎማ ሲበሳ ፈሳሹ በንፋስ መግቢያው ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል።

«ጉድጓዱ ደግሞ ለቅቤ ይሆነናል» አላት። ዳንግላ ሱቅ አላቸው፤ ቅቤ የሚያመጡት ከጥሊሊ ገበያ ነው።

ከጥሊሊ ሲመለሱ፣ አዲስ ቅዳምን ትንሽ እንዳለፉ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ሰላሁዲን ወርዶ የተሰካውን ምስማር አየና ሳይደነግጥ የኋላውን ከፈተ። ሽታው ቀድሞ ወጣ። የበሰበሰ ዓሣና የከረመ ሽንት አንድ ላይ የተዘፈዘፈ ይመስል ነበር። በቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ጠርሙሱን ተጭኖ ክዳኑን ሰብሮታል። ነጩ ፈሳሽ በየቅጠሉ መሐል ገብቶ ቅቤው ላይ ተኝቷል።

«አጓት ነው» አለ ሰላሁዲን። «ሳያጥቡ ሸጡልን።»

ራሂማ በሁለት ጣቶቿ ነካ አድርጋ ጣቶቿን አላቀቀች። ነጩ ነገር እንደ ክር ተሳበ፤ አልተበጠሰም።

«አጓት አይሳብም» አለችው።

ያኔ የጎማው ፈሳሽ መሆኑ ገባውና ከቅቤው ላይ እየፋቀ ወደ ጠርሙሱ መለሰና መንፊያውን አስነሳ። መንፊያው ጥቂት አጓራ። ከዚያ በምስማሩ ዳር ነጭና ቢጫ የተቀላቀለበት ነገር እንደ መግል እየተንጠባጠበ ወጣ። የቀረው ተፈናጥሮ ሱሪው ላይ አረፈ። ራሂማ ፊቷን አዞረች።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ክሪኩን አውሷቸው ጎማውን ፈቱ፣ መኪናዋንም በድንጋይ አስደገፉ። የሱ ስኮርታ አይገጥምላቸውም። «ለሞባይል የሚሆን ቻርጅ አታጡም መቼም» ብሎ እየሳቀ ሄደ። አሁን ጎማውን አዲስ ቅዳም ጎሚስታ ዘንድ የሚያደርስ ያስፈልጋል።

ቢሻው የሚባል ባለጋሪ መጣ። ከጋሪው ኋላ ትርፍ ጎማ ታስሯል።

«ይቺ ፈረስ እንኳ ስኮርታ አላት» አለ። ወዲያው ዓይኑ ቅቤው ላይ አረፈ። «ጥሩ ነው፣ ሒሳብ አልጠይቃችሁም፤ በቅቤ ክፈሉኝ። ሚስቴ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም፣ ይኸው ቅቤ ፍለጋ ስዞር ነው የዋልኩት።»

የሰላሁዲን ፊት ፈካ። አንዱን ድቡልቡል አነሳ፣ በሻርፑ ጠራረገው፣ እርጥቡን ጎን ወደ ቅጠሉ አዙሮ ጠቀለለ። የሚያደርገውን ሁሉ በጥንቃቄ አደረገ። ራሂማን ከሽታው ይልቅ ያቅለሸለሻት ይህ ጥንቃቄው ነበር።

«ሰላሁዲን፣ ተው» አለች በቀስታ።

«ላዩን ብቻ ነው የነካው» አለ በጆሮዋ። «ሲነጠር ሽታው ይጠፋል።»

ቢሻው ለመቀበል ሁለት እጁን ዘርግቷል። ራሂማ ቅቤውን ከባሏ እጅ ነጥቃ መሬት ላይ አኖረችው። አፈር ዘግና እያሸች ለወሰችበት። ተመልሳም የቀረውን አንድ በአንድ እያወጣች እንደዚያው አደረገች።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አለ ቢሻው። «የሚበላ ነገር በአፈር?»

«አይበላም። የጎማ መድፈኛ ፈሶበታል።» ጣቶቿን አላቅቃ ክሩን አሳየችው።

ቢሻው ጎንበስ ብሎ አሸተተና ራቅ ብሎ ተፋ። ከዚያ ሰላሁዲንን ትክ ብሎ አየው።

«አራስ ናት ብዬህ ነበር» አለው።

ሰላሁዲን ሻርፑን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ። ወዴት እንደሚጥለው ያላወቀ ይመስል ነበር።

ቢሻው ጎማውን ጫነ፤ ራሂማም ወጣች። ሰላሁዲን እግሩን ሲያነሳ ቢሻው ልጓሙን ሳብ አደረገ።

«አንተ እዚሁ ጠብቅ። ፈረሷ ሁለት ሰው አትችልም።»

ራሂማ ዳንግላ ውስጥ ሦስትና አራት ሰው በሚጭን ጋሪ ስትሄድ የኖረች ናት። ለባሏ ቦታ ሳትለቅ ተደላድላ ተቀመጠች። ጋሪው ሲንቀሳቀስ እጇን ከቀሚሷ አርቃ ያዘች። በአፈር ብታሸውም ጣቶቿን ስታላቅቅ ክሩ አሁንም ይሳባል።