የአባ ኩርያን የሙዝ ጥብስ

አስቻለች ላሊበላ ባለች አንዲት ትንሽ ማረፊያ ወጥ ቤት ትሠራለች። እንግዳ ከየትም ይምጣ፣ የሚበላውን አታጣለትም። ያን ረቡዕ ግን አስጎብኚው ምስክር ከመንገድ ደወለላት።

«አስቹ፣ ከህንድ የመጡትን ቄስ፣ አባ ኩርያንን፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ይዣቸው እየተመለስኩ ነው። ለአሥር ሰዓት ሻይ የሙዝ ጥብስ አምሯቸዋል፤ ያገራቸው ነው። እሳቸውም እንደኛው ጿሚ ናቸውና—» ስልኩ ተቋረጠ።

ጥብስ ካሉማ ጥብስ ነው። አስቻለች ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ቃሪያውን ሰነጠቀች፣ ሙዙን እንደ ሥጋ ቆራርጣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በዘይት አገላበጠችው። በሸክላ አድርጋ፣ እየተንጣጣ አቀረበች።

አባ ኩርያን ሸክላውን አዩ፣ ምስክርን አዩ፣ ባርከው አንድ ጉርሻ ወሰዱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አገራቸው ትዝ ብሏቸው ነው» አለች አስቻለች ደስ ብሏት።

«ቃሪያው ነው» አለ ምስክር።

አባ ኩርያን ተነሥተው ወደ ወጥ ቤቱ አመሩ።

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ካህን ወጥ ቤት ይገባል?» አለች አስቻለች።

ገቡ። የሷን ሽርጥ አሸረጡ። ያማረውን ሙዝ ብታቀርብላቸው ገፋ አድርገው፣ ልትጥለው ያስቀመጠችውን ቆዳው የጠቆረ ሙዝ እንደ ጠፋ ዘመድ እያገላበጡ አዩት። ልጠው በቁመቱ ሰነጠቁት። የስንዴ ዱቄት በስኳር፣ በሄልና በእርድ በጠበጡ፤ ሙዙን እየነከሩ የጋለ ዘይት ውስጥ ለቀቁት። ቤቱን ጣፋጭ ሽታ ሞላው።

እንግዳውን ሊጠይቁ የመጡት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ደግሰው በሩ ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ።

«አስቻለች! በረቡዕ ቀን እንቁላል?»

«እርድ ነው፣ የኔታ።»

«እርድ እንዲህ ያበራል? እስቲ አምጪው።»

«እንቁላል ቢሆንስ?» አለ ምስክር።

«ካልቀመስሁ በምን አውቃለሁ!»

አንዱን ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልለየሁም።» ሁለተኛውን አነሱ። «ዳሩ ነውር የለበትም፤ መሀሉ ነው የሚያጠራጥረኝ።» ስድስተኛውን ሲጨርሱ ጣታቸውን ልሰው ፈረዱ። «የጾም ነው።»

አባ ኩርያን ባዶውን ሳህን እያዩ ምን እንደተባለ ጠየቁ።

«ተፈቅዷል ይላሉ» አለ ምስክር።

«ታዲያ ያለቀው ከመፈቀዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ምስክር ሲተረጉምላቸው መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው። በሀፍረት ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሙዝ መላጥ ጀመሩ። የአንዱን ቋንቋ ሌላው አይሰማም፤ ግን አንዱ ይነክራል፣ አንዱ ያወጣል፣ «ተቃጠለ!» «አልበሰለም!» በሁለት ቋንቋ ይካሰሳሉ። አስቻለች ልታግዝ ብትጠጋ ሁለቱም በእጃቸው አባረሯት።

ምን ታድርግ? ወጥታ እንግዶች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምስክር ሻይ ቀዳላት። እግሯን አነባብራ፣ ጥቂት ጠበቀች፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ ጮኸች።

«አባቶቼ፣ ሻዬ እየቀዘቀዘ ነው!»