የተዋሸው ሴንሰር

ፒክአፕዋ የአሸዋውን ተራራ ወገብ እንዳለፈች ሞተሯ ታነቀ። ናስራ ማርሽ ብትቀንስም፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ብትረግጥም ከኋላ ጥቁር ጭስ ከመትፋት በቀር ጠብ ያለ ነገር የለም። ጎማዎቹ አሸዋውን መቆፈር ሲጀምሩ መሪውን ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ለቀቀቻት፤ ተንሸራተው ከተነሱበት ሜዳ አረፉ።

አጠገቧ የተቀመጡት ሱዳናዊው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አብደልባጊ የመድኃኒት ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈውታል።

"ልጄ፣ በዙሪያው ብንሄድ አይሻልም?" አሉ።

"በዙሪያው ስንደርስ ይመሻል፤ ሪማ እስከዚያ አትቆይልንም።"

ሪማ ከአሸዋው ማዶ፣ ከናስራ አባት ሰፈር ያለች ግመል ናት። ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል፤ ግልገሉ አንገቱን አጥፎ መውጫ አጥቷል። ለናስራ እናት በሠርጓ ቀን ከተሰጡት ግመሎች ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እናትየው ካረፈች ወዲህ አባትየው ሸኽ መሃድ ከሰው ይልቅ ከሪማ ጋር ነው የሚያወሩት።

ሐምራ የሚሉትን ይህን የአሸዋ ተራራ ናስራ በዚህ በደቡቡ በኩል ወጥታው ባታውቅም፣ ይህን የሚያህል ዳገት በዚህችው መኪና ውሃ ጭና ስንት ጊዜ ወጥታለች። መኪናዋ ላይ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኸልፋን ለአርቡ የአሸዋ መውጣት ውድድር ብሎ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ አስወልቆ ሰፊ ቱቦ አስገጥሞባታል። ሞተር እንደ ሰው ነው፣ በደንብ ከተነፈሰ ይሮጣል፣ እያለ ሲፎክር ነበር የሰነበተው።

ቢዲያ ከተማ ላለው ኸልፋን ደወለች።

"መኪናዋ ምንም የላት። የከበደው ያንቺ እግር ነው" አላት እየሳቀ። "እኔ ራሴ በቀደም ግማሹን ወጥቼባታለሁ።"

"ግማሹን? እና ግማሹ ላይ ምን አገኘህ?"

ኸልፋን ነገሩን እየቆራረጠ ተናዘዘ። እሱም ሲነዳት ጭሷ ጥቁር ሆኖበት፣ ሲፈትሽ ቤንዚኑን የሚለኩሱት ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰው አግኝቷቸው ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ስትበራም በፕላስተር ሸፍኗታል።

ናስራ ስልኩን ዘጋችና ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። መብራቷ እንደበራች ነበር።

ጭሱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ካለ እንዲሰማት ሞተሩን አስነስታ ሐኪሙ የቱቦውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ እንዲያፍኑላት ለመነቻቸው። እሷ ተንበርክካ ጆሮዋን ከመኪናዋ ሆድ ስር ሰጠች። አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው በተጋጠመበት በኩል እንደ እባብ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል። ከመገጣጠሚያው ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩ አለ።

"ተያዘ" አለች አሸዋውን ከጉልበቷ እያራገፈች። "ይሄ ሴንሰር ጭሱን ቀምሶ ቤንዚኑ በዛ ወይስ አነሰ ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ነው። በቀዳዳው የውጭ አየር ሲገባበት ቤንዚን ያነሰ ይመስለዋል። እሱ አነሰ ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ሞተሯ ቤንዚን ውስጥ ሰጥማለች።"

ሐኪሙ ፂማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "ቴርሞሜትሩ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ እኛ ጤነኛውን ትኩሳት አለብህ እያልን ስናክመው ኖረናል በይኛ።"

"እንደሱ ነው፣ ዶክተር።"

ቀዳዳውን የሚደፍን ብየዳ በዚያ በረሃ የለም። ሴንሰሩን ዝም ማሰኘት ግን ይቻላል። ሶኬቱን ነቀለችው። ኮምፒውተሩ የለመደውን መጥፎ ልማድ እንዲረሳም የባትሪውን ሽቦ ፈትታ ጥቂት ጠብቃ መልሳ አሰረችው። ከእንግዲህ ማንንም ሳይሰማ በፋብሪካ በተሰጠው ልክ ይሠራል። ቤንዚን ትንሽ ያባክን ይሆናል፤ ለዛሬ ይባክን።

መልሳ ስታስነሳት ድምፁ ሌላ ነበር፤ ወፍራምና የረጋ። ናስራ ግን ወደ ሐኪሙ ዞረች። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ድንገት ብትጠመዘዝ ትገለበጣለች፤ ከፈለጉ እዚህ ይውረዱ አለቻቸው። እሳቸው ቀበቷቸውን አሰሩ።

ከሜዳው ጫፍ ተንደርድራ ገባች። መኪናዋ ታንቃበት የነበረውን ወገብ ሲደርሱ ሞተሩ አላንገራገረም። ጭስ የለም። ቱቦው ሸለቆውን እያናጋ፣ ጎማዎቹ አሸዋውን እየበተኑ፣ መስታወቱ ውስጥ ሰማይ ብቻ እስኪቀር ድረስ ወጣች። አናቱ ላይ የመኪናዋ አፍንጫ ዘቅ ሲል ከታች የአባቷ ድንኳን ታየ። ናስራ ሳታስበው እልል አለች፤ ሐኪሙም በሱዳንኛቸው አጀቧት።

ዶክተር አብደልባጊ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበው ለረጅም ጊዜ ታገሉ። ሸኽ መሃድ የሪማን አንገት አቅፈው ጆሮዋ ላይ ያንሾካሽካሉ። የታጠፈው አንገት ሲቃና ግልገሉ እንደ እርጥብ ከረጢት አሸዋው ላይ ዱብ አለ፤ ቆይቶም በሚንቀጠቀጡ እግሮቹ ቆመ። ሴት ናት። አባትየው ፊታቸውን በራሳቸው ጥምጥም ጫፍ ጠረጉ።

"በደቡብ በኩል ነው የወጣሽው?" አሉ ናስራን።

"አዎ፣ አባዬ።"

"የእናትሽ ግመሎች እንኳ በዚያ በኩል ወጥተው አያውቁም።" ለእሳቸው ይህም ብዙ ነው።

ኸልፋን በጓደኛው መኪና ዙሪያውን ዞሮ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የመኪናዋን ጎማ ዱካ ከአናቱ እስከ ድንኳኑ በዓይኑ ተከተለና አንገቱን ደፋ። ነገ ቱቦውን አውልቆ የድሮውን ማርሚታ እንደሚመልስ ነገራት።

ናስራ ትንሽ አሰበች።

"አታውልቀው" አለች። "መገጣጠሚያውን በደንብ አስበይድና የሴንሰሩን ሶኬት መልሰህ ሰካው፤ ኮምፒውተሩ እውነቱን ይስማ። ለአርብ ያስመዘገብከውን ስም ግን አስቀይር።"

"በማን ስም?"

መዳፏን ዘረጋች። ኸልፋን አባቱን አየ፤ እሳቸው ግልገሏን እያደረቁ ነው። የመኪናዋን ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።