ማርያም የት አለች?

ከፍያለው ናጋሳኪን በዓይኑ አላያትም፤ በጆሮው ግን ጓዳ ጎድጓዳዋን ያውቀዋል። ልጁ ኤልዳና እንግሊዝኛ ልታስተምር ወደዚያ ክፍለ ሀገር ደሴቶች ስትሄድ፣ እሱ ዳላስ ውስጥ ታክሲ እየነዳ የዚያን አገር ታሪክ ያዳምጥ ጀመር። ሌላ ምን ያድርግ? ሲደውል አታነሳም። «ቢዚ ነኝ አባዬ» ብላ ትጽፋለች፤ አበቃ።

ዳገት ላይ ስለተንጠለጠሉት ቤቶች ሰማ፤ ቦምብ ስላፈረሰው ካቴድራል ሰማ። አንጀቱን የበላው ግን የስውሮቹ ክርስቲያኖች ነገር ነው። ሃይማኖታቸው በሞት በሚያስቀጣበት ዘመን፣ ማርያምን የቡድሃ አማኞች የምሕረት እመቤት አስመስለው ቀርጸው፣ ያለ ካህን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ጸሎታቸውን ለልጅ ልጅ በሹክሹክታ አወረሱ። ኋላ ከባሕር ማዶ የመጣ ካህን ቤተ ክርስቲያን ሲከፍት፣ ገበሬዎቹ ተጠግተው «ልባችን ከእርስዎ ጋር አንድ ነው፤ ማርያም የት አለች?» አሉት።

እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያማትባል። እሱም ልጁን ሲሸኝ፣ የሟች እናቷን ትንሽ የማርያም ሥዕል አንገቷ ላይ አጥልቆላታል። ማርያምን ይዛ የምትዞር ልጅ እዚያ አለችኝ ብሎ ይጽናናል።

ዛሬ ልትመለስ ነው። ማለዳ ተነሥቶ ታክሲውን ሲያጸዳላት፣ ከጋቢናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ወረቀት ሥር፣ ሥዕሏ ከነክሯ ወጣች። የሸኛት ቀን ኤርፖርት ሳይደርሱ አውልቃ ከታት ኖሯል። ናጋሳኪን ሲያዳምጥ የከረመው ማርያምን አጠገቡ አስቀምጦ ነው።

አልተቆጣም። «ትተዋት፤ ብቻ እውነቱን ትንገረኝ» አለና ሥዕሏን ወደነበረችበት መለሳት።

ኤልዳና ከስታ፣ ፀጉሯን አሳጥራ ከኤርፖርቱ ወጣች።

«አባዬ! ኦ ማይ ጋድ፣ መኪናው እንዴት ያበራል! ልትሸጠው ነው እንዴ?»

«አንቺን ልጭንበት ነዋ፣ እናቴ።»

ወደሚኖሩበት ወደ ዋይሊ ሲነዱ ጠየቃት።

«ገበሬዎቹ የመጡበትን ቤተ ክርስቲያን አየሽው?»

«የቱን? ኦ፣ ያንን… ሶ፣ ቱሪስት ይበዛል፣ አልገባሁም።»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ማርያምስ የት አለች?» አላት።

እጇ ሹራቧን ደረቷ ላይ ጨበጠ። «እዚህ ናታ፣ አባዬ። አንድ ቀንም አላወለቅኳት።»

«ተመስገን» አለ።

እነዚያ ማርያምን ከገዳይ ደበቁ። የእሱ ልጅ ባዶ አንገቷን ከአባቷ ደበቀች። እንደ ገዳይ የምትፈራው እሱን ነው ማለት ነው?

መኪናው ሲነጥር የላላው መሳቢያ ሊከፈት ሲል፣ በቀኝ እጁ ገፍቶ ዘጋው። ዋይሊ እስኪደርሱ እጁን አላነሳም።